«ቨርቲጎ» የበሽታ ስም አይደለም

አንዲት እናት ይዘውት የመጡት ወረቀት ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነበር፤ ቨርቲጎ። ከዓመት በላይ ሲናሪዚን የተባለውን የማዞር መድኃኒት ሲውጡ ቆይተዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ እግራቸው መጎተት ጀምሯል።

«እማማ፣ መቼ መቼ ነው የሚያዞርዎት?»

«አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስገላበጥ። ቤቱ ይዞርብኝና ትንሽ ቆይቶ ይተወኛል።»

ይህን ከዚያ በፊት የጠየቃቸው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ቨርቲጎ መዞር ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ቃል ነው። ሕመምተኛው የሚሰማውን ይናገራል እንጂ የመጣበትን ምክንያት አይናገርም። «ሳል» ብሎ ጽፎ ለዓመት ሽሮፕ የሚያዝ ሐኪም ቢኖር ዝም አንለውም። እዚህ ላይ ግን ሁላችንም ሐኪሞች ዝም ብለናል።

ከዚህ የባሰው የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። «የሚሽከረከረው ቤቱ ነው ወይስ ጭንቅላትዎ?» ተመራማሪዎቹ ድራክማንና ሃርት እ.ኤ.አ. በ1972 ማዞርን በአራት ዓይነት ከከፈሉ ወዲህ ይህን እየደገምን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ኒውማን-ቶከርና ባልደረቦቹ የድንገተኛ ክፍል ሕሙማንን ጠይቀው ከደቂቃዎች በኋላ ሲደግሙላቸው ከግማሽ የሚበልጡት ሌላ ዓይነት መረጡ። ምን ያህል እንደሚቆይና ምን እንደሚቀሰቅሰው ሲጠየቁ ግን መልሳቸው ይበልጥ የሚታመን ነበር። እኛ ዘንድማ የራበውም፣ ብድግ ሲል ዓይኑ የጨለመበትም፣ ቤቱ የተሽከረከረበትም «አዞረኝ» ነው የሚለው። እባካችሁ፣ ዓይነቱን ትታችሁ ጊዜውን ጠይቁ።

ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ መጥቶ ደቂቃ ሳይሞላ የሚያልፈው በአብዛኛው በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ቦታቸውን የለቀቁ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ሥራ ነው። ዲክስና ሃልፓይክ እ.ኤ.አ. በ1952 የጻፉት ምርመራ ከአልጋ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ሕክምናም እንዲሁ፤ ጭንቅላትን በቅደም ተከተል ማዞር ነው። «ወረፋው ረጅም ነው፣ ጊዜ የለንም» የሚሉኝን አልቀበልም። ለአምስት ደቂቃ የሚሰስት ክሊኒክ ያንኑ ሰው በየወሩ ደግሞ ደጋግሞ ያየዋል። ሲናሪዚን ቅንጣቱን ወደ ቦታው አይመልስም፤ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ደግሞ ፓርኪንሰን የሚመስል ሕመም ሊያስከትል ይችላል። የእኚያ እናት እጅ የተንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

በሌላው ጫፍ፣ ድንገት ጀምሮ ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚያዞረው፣ መቆም ያቃተው፣ አንዱ ነገር ሁለት የሚሆንበት፣ ምላሱ የተሳሰረ ሰው አለ። ይህ የኋለኛው አንጎል ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ሲቲ ስካን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ንጹሕ ውጤት ይዞ፣ «ቨርቲጎ ነው» ተብሎ፣ ክኒን ተሰጥቶት ወደ ቤቱ የሚሸኘው እሱ ነው።

ሪፈር ስትጽፉልኝ ያን ቃል ብቻ አትላኩልኝ። መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ምን ሲያደርግ እንደሚነሳ፣ ቆሞ መራመድ መቻል አለመቻሉን ጻፉልኝ።