መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል የመጣ ወፍ

እ.ኤ.አ. በ1997 የኢኳዶርን ወፎች ከሮበርት ሪጅሊ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር። አሜሪካዊው የአዕዋፍ አጥኚ ከፖል ግሪንፊልድ ጋር ሆኖ የአገሪቱን ወፎች አንድ ሳያስቀር የሚዘረዝር መጽሐፍ ለማዘጋጀት ረጅም ዓመታት ደክሟል። በዚያች ትንሽ አገር 1,600 ገደማ የወፍ ዝርያ አለ። ሥራው ወደ ማብቂያው ተቃርቦ፣ የቀረው ለቀም ለቀም ማድረግ ብቻ ይመስል ነበር።

በዚያ ዓመት ኖቬምበር 20 ቀን ሪጅሊ ከጥቂት ወፍ ወዳድ ጓደኞቹ ጋር በደቡብ ኢኳዶር ታፒቻላካ የሚባል ተራራ ላይ ነበር። ቦታው ከሎሃ ከተማ ወደ ፔሩ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከአማዞን የሚነሳው እርጥብ አየር የአንዲስን ተራሮች ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናብ ይሆናል፤ እዚያ ዝናብ የማይጥልበት ቀን ከተገኘ ዕድል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለው ደን ጉም አይለየውም። ቀርከሃው እርስ በርሱ ተጠላልፎ መተላለፊያ ያሳጣል፤ ከባይኖኩላር መስተዋት ላይ እርጥበት ሲጠርጉ መዋል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ወፍ የሚታወቀው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው።

ከደኑ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ዝቅ ያለና ወፍራም፣ ትንሽ እየቆየ የሚደጋገም፣ «ሁ… ሁ… ሁ…» የሚል። ጉጉት ነው እንዳይባል ጊዜው ቀን ነው፤ ውሻ ነው እንዳይባል የሚመጣው ከቀርከሃው መሀል ነው። ወፎችን በድምፃቸው ሲለይ ለኖረው ሪጅሊ ድምፁ ከሚያውቃቸው ከአንዱም ጋር አልገጠመም።

ደግነቱ አብሯቸው ጆን ሙር ነበር፤ የኢኳዶርን ወፎች ድምፅ በመቅዳት የታወቀ ሰው ነው። ድምፁ ተቀዳና መልሶ ተለቀቀ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ግዛቱን የሚያስከብር ወፍ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ባላንጣ የገባበት ይመስለውና ሊያባርር ይወጣል። ይህም ወጣ።

የወጣው ወፍ ደግሞ ከዓይን የሚሰወር ዓይነት አይደለም። ርዝመቱ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ድብልብል ያለ፣ ጅራቱ ያለ የማይመስል፣ በረጃጅም እግሮቹ መሬት ላይ እየዘለለ የሚሄድ ነው። አናቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ፤ ከዓይኑ ሥር ቁልጭ ያለ ነጭ ምልክት አለው። ጉንዳን ፒታ ከሚባሉት ወፎች ወገን መሆኑን ለመለየት አላዳገተም። እንዲህ ያለውን ግን በየትኛውም መጽሐፍ ወይም ሙዚየም ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ መኪና ከሚያልፍበት መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ይህን የሚያህል ወፍ ሳይታወቅ መቆየቱ ጉድ ያሰኛል። ምክንያቱ ግን ከዚያው ከቦታው የሚገኝ ይመስለኛል፦ የሚኖርበት አካባቢ እጅግ ጠባብ ነው፤ ዝናቡና ቀርከሃው ሰው ያርቃሉ፤ ወፉም ካልጮኸ የለም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1998 ደኑን ገዝቶ ለመጠበቅ የሆኮቶኮ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ ስሙንም ሆኮቶኮ ከተባለው ከዚሁ ወፍ ወሰደ። በ1999 ወፉ «ኦክ» በተባለው የአዕዋፍ መጽሔት ላይ ግራላሪያ ሪጅሊዪ በሚል ሳይንሳዊ ስም ታወጀ። የሪጅሊና የግሪንፊልድ መጽሐፍም በ2001 ሲወጣ አዲሱን እንግዳ ይዞ ወጣ።

ወፉን ለጎብኚ ማሳየት ግን ሌላ ጣጣ ነበር። መላውን ያገኘው በሰሜን ኢኳዶር የሚኖር አንኸል ፓስ የሚባል ገበሬ ነው። የዚህ ወፍ ዘመድ የሆነ ሌላ ጉንዳን ፒታ በእርሻው ደን ውስጥ ትል ሲበላ አየና ራሱ ትል እየወረወረ አለመደው። ታፒቻላካም ዘዴውን ወሰደች፤ ለዓመታት የደኑ ጠባቂዎች ትል ይዘው እየወጡ ሆኮቶኮውን ሲያበሉ ኖረዋል።

የዚህ ወፍ ቁጥር እጅግ ጥቂት ነው። ወደዚያ የመሄድ ዕድል የገጠማችሁ፣ የዝናብ ልብስ ያዙ፣ ጠባቂውን ተከተሉ፤ የተቀዳ ድምፅ እየለቀቃችሁ ግን አታስወጡት። የሌለ ባላንጣ ፍለጋ ጉልበቱንና የምግብ ጊዜውን ይጨርሳልና።