ማብሪያ ማጥፊያውና ምላጩ

አንዲት ሴት ልትተኛ ስትል የኮሪደሩን መብራት ታጠፋለች። ጨለማው ውስጥ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ የሰው ጥላ ቆሟል። ደንግጣ ታበራለች፤ ማንም የለም። ታጠፋለች፤ አለ። ታበራለች፤ የለም። እንደገና ስታጠፋ ጥላው አጠገቧ ደርሷል።

ይህ «ላይትስ አውት» ነው፤ ስዊድናዊው ዴቪድ ሳንድበርግ በ2013 እ.ኤ.አ. በገዛ አፓርታማው፣ ባለቤቱን ሎታ ሎስተንን እያስተወነ የሠራው አስፈሪ አጭር ፊልም። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ንግግር የለበትም፤ ደምም አይፈስበትም። ያየው ሰው ግን ያን ዕለት ማታ የቤቱን መብራት ሲያጠፋ እጁ ትንሽ ይዘገያል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሆሊውድ ይህንኑ ፊልም ረጅም አድርጎ አወጣው፤ ዳይሬክተሩም ራሱ ሳንድበርግ ነበር። ገበያው ደራ። ረጅም ፊልም ግን ማስረዳት ግድ ይለዋል፤ ስለዚህ ጥላው ዳያና የሚል ስም ወጣለት፣ የሕመም ታሪክም ተጻፈለት። ለእኔ ፍርሃቱ የላላው እዚያ ላይ ነው። ልጅን ለማስፈራራት «ጅቡ መጣ!» ማለት ይበቃል፤ ጅቡ ከየት እንደመጣ መተረክ ከተጀመረ ልጁ ይረጋጋል። የአጭር ፊልም ጉልበትም እዚህ ላይ ነው፦ ሳያስረዳ ያልቃል፤ ቀሪውን ተመልካቹ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ደም የሚፈስባቸውስ? ብዙ ሰው «ደም ማፍሰስ ጥበብ አይደለም» ብሎ ይዘጋቸዋል። እኔ አልስማማም። ማርቲን ስኮርሴዚ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በ1967፣ «ዘ ቢግ ሼቭ» የተባለ የስድስት ደቂቃ ያህል ፊልም ሠርቷል። ቦታው ነጭ በነጭ የሆነ መታጠቢያ ቤት ነው። አንድ ወጣት ይገባል፣ ፊቱን አረፋ ይቀባል፣ ጢሙን ጥርግ አድርጎ ይላጫል። አያቆምም ግን። የጸዳውን ፊት ዳግመኛ ይቀባል፣ ዳግመኛ ይላጫል። መጀመሪያ ጭረት፣ ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ ነጩ ገንዳ በደም ይቀላል። ልጁ ግን ፊቱን እንኳ አያኮማትርም፤ ከጀርባው የድሮ ለስላሳ የጃዝ ዘፈን ይፈስሳል። በስተመጨረሻ የቬትናምን ጦርነትና 1967ን የሚጠቁም ጽሑፍ ሲመጣ ነገሩ ይገለጣል፦ በገዛ እጇ የምትደማ አገር ናት። እዚህ ደሙን አውጡት ቢባል ፊልሙ ባዶ ይቀራል።

ከዚያም በፊት፣ በ1929፣ ሉዊስ ቡኝዌልና ሳልቫዶር ዳሊ «አን ሺየን አንዳሉ» በተባለው አጭር ፊልማቸው መክፈቻ ላይ የሴት ዓይን በምላጭ ሲሰነጠቅ አሳይተዋል። የተቆረጠው የከብት ዓይን ነበር። ዛሬም ብዙው ሰው እዚያች ቅጽበት ላይ ፊቱን ያዞራል።

ልዩነቱ በደሙ መጠን አይደለም። ቁስል ላይ ቁስል የሚደርቱ ፊልሞች አሉ፤ ሜካፑ የባለሙያ እጅ ያረፈበት ቢሆንም አምስተኛው ቁስል ላይ ዓይን ይለምደዋል። የስኮርሴዚ ምላጭ ግን ከማለፉ በፊት ያሳምማል፣ ምክንያቱም የት እንደሚያርፍ አስቀድመን እናውቃለን።

ሁለቱን ወገን፣ ያለ ደም የሚያስፈራውንና ደም የሚያፈስሰውን፣ አስታርቆ ያየሁት በአውስትራሊያዊው «ካርጎ» ነው፤ ቤን ሃውሊንግና ዮላንዳ ራምኪ በ2013 የሠሩት የሰባት ደቂቃ ፊልም። ዞምቢ የነከሰው አባት ሰዓታት ብቻ ቀርተውታል፤ ከዚያ በኋላ እሱም ሥጋ ይርበዋል። ሕፃን ሴት ልጁን በጀርባው ያዝላል። ዱላ ጫፍ ላይ ሥጋ አንጠልጥሎ ከፊቱ ያስቀድማል፤ አእምሮው ሲጠፋ ያን ሥጋ እየተከተለ ወደፊት እንዲራመድ፣ ወደ ልጁም እንዳይዞር። ሰዎች ባገኟት ጊዜ ሆዷ ላይ ስሟ ተጽፎ ነበር።