አየሩን ተዉለት

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 ውስጥ የብስክሌት ስሙ ቬሎ ነው። የአብዛኛው ቬሎ አሟሟትም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቀን ጎማው ይተነፍሳል፤ ባለቤቱ «ነገ አስነፋዋለሁ» ብሎ ግድግዳ ያስደግፈዋል፤ ነገ ወር ይሆናል፤ ጨው ያዘለው የባሕር አየር ሰንሰለቱን ያቀላዋል፤ በመጨረሻም የፍየል ማሰሪያ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ የቆመ ብስክሌት ባየሁ ቁጥር ጠጋ ብዬ ጎማውን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም፤ የጎደለው አየር ብቻ ነው።

ስለ ብስክሌት ብዙ የማይታወቅ ነገር የለም። ሁለት ቸርኬ፣ ሰንሰለት፣ ፔዳል፣ ኮርቻ፣ ፍሬን ነው፤ የሚነዳውም እግር ነው። ጎማውን ግን ሰው እንደ ጫማ ሶል ይቆጥረዋል፣ እኔን የሚቆጨኝም ይኼ ነው። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ በ1817 እ.ኤ.አ. በሁለት ተሽከርካሪ ላይ የተቀመጠባትን ማሽን ካወጣ በኋላ ሰው ለሰባ ዓመት ያህል በእንጨት፣ በብረትና በድፍን ላስቲክ ላይ ሲንቀጠቀጥ ኖሯል። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም የልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ሲያንገጫግጨው አይቶ አየር የተሞላ የላስቲክ ቱቦ በተሽከርካሪው ዙሪያ ጠቀለለበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ሻርል ቴሮን የተባለ ብስክሌት ጋላቢ በሚፈታው የሚሸሊን ጎማ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ ፓሪስ ተመለሰ፤ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ በ3 ቀን ውስጥ። እኛም ጓዛችንን ጭነን አገር ማቋረጥ የቻልነው በላስቲክ ውስጥ በታሸገ አየር ነው።

ባለፈው ጥር አራት ሆነን ወጥተን ነበር። ጥር የመረጥነው ተመክሮበት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኻምሲን የሚሉት ትኩስና አቧራማ ነፋስ ሲነሳ እዚህ አገር ብስክሌት ይዞ ከከተማ መውጣት በሕይወት መቀለድ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መንገዳችን በፔካ 12 እና በዌአ አድርጎ ግራንድ ባራን አቋርጦ ዲኪል፣ በማግስቱ አሊ ሳቢየህ፣ በሦስተኛው ቀን በአርታ በኩል ወደ ሰፈር ነበር። አርብ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከካርቲየ 3 ስንነሳ አየሩ እርጥብ ነበር፤ ገና ሳንላብ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተለጥፏል። እያንዳንዳችን 7 ሊትር ውኃ ይዘናል፤ ይህም ብቻውን 7 ኪሎ ነው፣ የሚያርፈውም የኋላ ጎማ ላይ ነው።

ከአራታችን አንዱ ብስክሌቱን በጭነት መኪና አስጭኖ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። ከመነሳቱ በፊት አንድ ጎሚስታ «ቆላ ስትወርድ ሙቀቱ ያፈነዳብሃል፣ ግማሹን አስተንፍሰው» ብሎ መክሮታል፤ እሱም አስተነፈሰው። ሌሊት ስንነሳ ጨለማ ስለነበር ጎማውን አልነካሁትም። የራሴ ጥፋት አድርጌ የያዝኩት ይህንን ነው።

ግራንድ ባራ የደረቀ ሐይቅ ወለል ነው። ነጣ ያለ ጭቃ ደርቆ እንደ ሰሌዳ ተዘርግቷል፤ በየዓመቱ የ15 ኪሎ ሜትር የሩጫ ውድድር ይካሄድበታል። ነፋሱን የሚከልል አንዲት ቁጥቋጦ እንኳ የለም። አቧራው ከጎን እየመታን፣ ኮንቴይነር የጫኑ የኢትዮጵያ መኪኖች በአጠገባችን ሲያልፉ መሪያችን እየተንቀጠቀጠ ስንሄድ፣ የልጁ የኋላ ጎማ የአስፋልቱን ጫፍ መታና ወዲያው ዘጭ አለ።

«እሾህ ነው» አለ አንዱ።

ከመነዳሪውን አውጥተን ነፋነው። ቀዳዳ በውኃ ሳህን እየነከሩ መፈለግ የሰፈር ጎሚስታ ምቾት ነው፤ ሜዳ ላይ የሚጠጣ ውኃ ለዚያ አይባክንም። ከመነዳሪውን ወደ ከንፈር አስጠግቶ ቀስ እያሉ ማዞር ነው፤ ከንፈር የትንፋሹን ቅዝቃዜ ከጣት ቀድሞ ያገኘዋል። ነፋሱ አላስችል ስላለን ሦስቱ ሽርጣቸውን ዘርግተው ከበቡኝ፤ በዚያ ጥላ ውስጥ «ስስስ» የምትለውን ድምፅ ሰማኋት። አንድ ሳይሆን ሁለት ነበረች። ሁለት አጫጭር ስንጥቆች ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው የአንድ ጣት ስፋት።

እሾህ አንድ ቀዳዳ ነው የሚያበጀው። ሁለት ስንጥቅ ጎን ለጎን ካያችሁ ጥፋተኛው የአየር ማነስ ነው። አየሩ የቀነሰ ጎማ ድንጋይ ወይም የአስፋልት ጫፍ ሲያገኘው እስከ ቸርኬው ድረስ ይደፈጠጣል፤ የቸርኬው ሁለት ከንፈሮችም ከመነዳሪውን እንደ መቀስ ይቆነጥሩታል። ግፊቱን ለካሁት፤ የፊተኛው ጎማ 2 ባር እንኳ አልሞላም ነበር። 4 ነው መሆን የነበረበት።

«በሙቀት ጎማ ይፈነዳልና አየር ቀንስ» የሚለው ምክር አሳምሮ የሚነገር ስሕተት ስለሆነ ስሌቱን እዚሁ ላስቀምጠው። በታሸገ ጎማ ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ጭማሪው የሚቆጠረው በረዶ ከሚሠራበት ዜሮ ሳይሆን ከዚያ በ273 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ካለው ፍጹም ዜሮ ተነስቶ ነው። ጠዋት 27 ዲግሪ ላይ የነፋችሁት አየር በዚያ ቆጠራ 300 ላይ ነው። አስፋልቱ ጎማውን 57 ዲግሪ ቢያደርሰው 330 ሆነ፤ ጭማሪው አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። መለኪያው 4 ባር ሲል የውጭው አየር 1 ባር ተደምሮ ጠቅላላው 5 ነው፤ አንድ አሥረኛው ግማሽ ባር ይሆናል። ስለዚህ 4 የነበረው 4.5 ሆነ ማለት ነው። የልጁ ጎማ ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ልክ 6 ነው።

ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ደግሞ ሌላ የሚዘነጋው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች የውጭው አየር 0.77 ባር ገደማ ብቻ ነው፤ ጅቡቲ 1.01 ነው። ጎማ በውጭ አየር ይጫናል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ በ17 ዲግሪ 4 ባር የተነፋ ጎማ ሳይነካ ወደዚህ ቢመጣ፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲሆን መለኪያው 3.9 ያህል ነው የሚያሳየው። ሙቀቱ የሚሰጠውን ባሕሩ ይወስደዋል። በሐምሌ በ40 ዲግሪ እንኳ ከ4.2 አያልፍም። ልጁ አየሩን ባይነካው ኖሮ ከአዲስ አበባ የወጣበትን ግፊት ይዞ ግራንድ ባራ ይደርስ ነበር።

ይባስ ብሎ አየር የጎደለው ጎማ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። በየዙሩ ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ላስቲክ ሲታጠፍ ይሞቃል። ይህን የመኪና ሰዎች ያውቁታል። ማታ ዲኪል ላይ የቆሙትን መኪኖች ስናይ አንድ ረዳት ጎማዎቹን በብረት እየቀጠቀጠ ድምፃቸውን ያዳምጥ ነበር። የአንዱ ድምፅ የሞተ ነበር፤ እጁን አስጠጋና «ይሄኛው ነው የሚሞቀው» አለን። ከሌሎቹ የሞቀው አየር የጎደለው ነው። የሞቀ ጎማ ማስተንፈስ ምን እንደሆነም ነገረን፤ ሲበርድ ባዶ ሆኖ ያድራል።

ታዲያ ጎማ የሚፈነዳው በምንድን ነው? አንዱ ፍሬን ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጨብጦ ሳይለቅ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ምጣድ ያደርገዋል። ከአርታ ስትወርዱ ያዝ ለቀቅ፣ ፊትና ኋላ እያፈራረቃችሁ ውረዱ። ሌላው ፀሐይ ነው፤ ጣሪያ ላይ ዓመት የከረመ ጎማ ጎኑ እንደ ደረቀ ቆዳ ይሰነጣጠቃል። ሦስተኛው ችኮላ ነው። ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ ልጣፊ በማግስቱ ሙቀት ተንሸራቶ ይለቃል። ማስቲሹን ቀብታችሁ በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ለጥፉ፣ ከዚያ በደንብ ተጫኑት። እኛ በዚያ ነፋስ ውስጥ ጠብቀናል፤ ልጣፊዎቹ እስከ ዛሬ አልለቀቁም።

እሾህም አለ፣ አልክድም። ግራሩ አለ፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ ደግሞ በአፋርም በዚህም ተስፋፍቷል። መንገድ ዳር ለማረፍ ስትወጡ ብስክሌቱን አትግፉት፣ ተሸከሙት።

ከመነዳሪ ስትገዙ አፉን ተመልከቱ። ወፍራሙ እንደ መኪና ጎማ አፍ ነው፣ ማደያ ይነፋዋል። ቀጭኑን የማደያ ቱቦ አይዘውም፤ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ካልተፈታችለት ደግሞ አየር አያስገባም። ያቺን ብሎን በፒንሳ የሚሰብሩ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ተዉ፣ በጣት ነው የምትፈታው። ሰንሰለቱን በሳምንት አንዴ በጨርቅ ጥረጉ፣ ትንሽ ዘይት አጠጡት፣ ትርፉን ደግሞ ጥረጉ።

አሊ ሳቢየህ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ብርድ ነበር፣ ጋቢ ያልያዘ ተጸጸተ። ጠዋት ልጁ ጎማውን ተጫነና ደነገጠ፤ ላላ ብሏል። አልተነፈሰም፣ አየሩ በርዶ ነው። ፓምፑን አነሳ፣ መለኪያውን እያየ እስከ 4 ነፋው፣ የእኔንም ያለ ጥያቄ ነፋልኝ። አርታ ጉም ነበር፤ ከፊቴ ያለው ጓደኛዬ ጃኬት ብቻ ነበር የሚታየኝ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ጉሙ ተገፈፈ፣ ሙቀቱ ተመለሰ፣ ባሕሩ ታየ።

ሁለት ስንጥቅ የነበረባት ከመነዳሪ አሁንም የልጁ የኋላ ጎማ ውስጥ ናት። እኔ ጋ የሰፈር ልጅ ከመነዳሪ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀዳዳው ስንት እንደሆነ ነው። ሁለት ካለኝ ልጣፊ ከማንሳቴ በፊት ፓምፑን አሳየዋለሁ።