ኃይልን ቈጥቦ በጊዜው ስለ መድረስ
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



ክረምቱ ዘግይቶ በሚገባበትና ፈጥኖ በሚወጣበት በዋግ ኽምራ ደጋ ያለ ገበሬ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ያውቃል። አንደኛው፥ የመሬቱ እርጥበት ሳያልፍ መዝራት እንደሚገባ ነው፤ ሁለተኛውም፥ የበሬ ጉልበት በልክ የሚወጣ ሀብት መሆኑ ነው። በሬውን ያለ ልክ ያጣደፈ ሰው እርሻው ሳይፈጸም በሬው ይተኛበታል፤ ያለ ልክ ያዘገመም ዘሩን በደረቅ መሬት ላይ ይበትናል። ዛሬ ስለ ጥቃቅን ኮምፒዩተሮች የምንገልጽላችሁ ነገር ይህንኑ ጥበብ የሚመስል ነው።

በእጅ ስልክ፥ በመኪና ሞተር፥ በሕክምና መሣሪያና በሳተላይት ውስጥ ተሰውረው የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለያንዳንዱ ተግባራቸው የጊዜ ገደብ ተወስኖላቸዋል፤ ገደቡን ያለፈ ትክክለኛ መልስ እንደ ስሕተት ይቈጠራል። እንግዲህ ከእነርሱ የሚፈለገው መፍጠን ብቻ ሳይሆን በጊዜው መድረስ ነው።

ለምሳሌ የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥበትን ማቀዝቀዣ እናስብ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መኖር አለበት። በብዙ ጤና ተቋማት የሚሠራበት ትንሽ የሙቀት መዝጋቢ የ30 ቀን ታሪክ ይይዛል፤ ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ 10 ሰዓት ሲቈይ፥ ወይም ከዜሮ በታች ወደ 0.5 ዲግሪና ከዚያም በታች ወርዶ አንድ ሰዓት ሲቈይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ባትሪው አልቆ ቢዘጋ ግን፥ በረዶ ያበላሸው ክትባት በዓይን ሲያዩት ደኅና ሊመስል ስለሚችል፥ የጤና ባለሙያዋ ለሕፃኑ የምትሰጠው መድኃኒት ይሁን ከንቱ ውሃ የምታውቅበት መንገድ ይጠባል።

የሰቆጣና የአካባቢው ሕዝብ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ምክንያት የኤሌክትሪክ ኃይል ለረጅም ጊዜ ተቋርጦበት ኖሯል። የ300 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ከዚያው ከዋግ ምድር ጋር የሚዋሰን ሆኖ ሳለ፥ መስመሩ ሲቋረጥ ሰው ወደ ፀሐይና ወደ ባትሪ ለመመለስ ተገደደ። ስለዚህ ኃይልን መቈጠብ በዚያ አገር የቅንጦት ነገር አይደለም።

ታዲያ ኮምፒዩተር ኃይልን የሚቈጥበው እንዴት ነው? አንደኛው መንገድ ፍጥነትን መቀነስ ነው። የማስሊያው ክፍል፥ ማለት ፕሮሰሰሩ፥ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋርና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ፍጥነቱም ቮልቴጁም በግማሽ ቢቀነሱ፥ በየቅጽበቱ የሚበላው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ሥራው ሁለት እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ የጠቅላላው ፍጆታ አንድ አራተኛ ይሆናል። በተግባር ቮልቴጁ ይህን ያህል ስለማይወርድ ትርፉ ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም የጊዜ ገደቡ እስከ ፈቀደ ድረስ ማዝገም ይጠቅማል።

ሁለተኛው መንገድ እንቅልፍ ነው። ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶም ቢሆን ኃይል ያንጠባጥባል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ሥራን ፈጥኖ ጨርሶ መተኛት ይሻላል። ነገር ግን መንቃትም ራሱ ኃይል ስለሚጠይቅ፥ ለአጭር ዕረፍት መተኛት ከትርፉ ኪሳራው ይበልጣል።

ሦስተኛው መንገድ ሥራን ለብዙዎች ማካፈል ነው። አንድ ፕሮሰሰር በሙሉ ፍጥነት የሚሠራውን ሁለቱ በግማሽ ፍጥነት ቢካፈሉት፥ በዚያው ጊዜ በብዙ ያነሰ ኃይል ይፈጽሙታል። ይህም እንደ ደቦ ነው። ይሁንና ሁሉ ሥራ አይከፈልም፤ አንዱን የማረሻ እርፍ ሁለት ገበሬ ባንድነት አይጨብጠውም። ደግሞም ከአህያ ጉልበት 60 በመቶ የሚጠይቁ ሦስት ጆንያዎች ቢኖሩና ሁለት አህዮች ቢቀርቡ፥ የጠቅላላው ጉልበት ቢበቃም ሦስተኛው ጆንያ በሜዳ ይቀራል። የፕሮሰሰሮችም ችግር ይኸው ነው። ሥራውን መሀል ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ ማዛወሩ ግን ጊዜና ኃይል ያስከፍላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሊዩና ሌይላንድ የተባሉ ሊቃውንት፥ ሥራዎቹ በየጊዜው የሚመላለሱ ሲሆኑ ገደቡ የቀረበውን ሥራ አስቀድሞ መሥራት፥ ሸክሙ ከ100 በመቶ እስካላለፈ ድረስ፥ ለአንድ ፕሮሰሰር እንደሚበቃ አስረዱ። በ1978 ግን ይኸው ደንብ ለብዙ ፕሮሰሰሮች ሁልጊዜ እንደማይበቃ ታወቀ። በ2011 አርም የተባለው ኩባንያ ብርቱና ቈጣቢ ፕሮሰሰሮችን ያጣመረ ሥርዓት አስተዋወቀ፤ ቀላሉ ሥራ ለቈጣቢው፥ ከባዱ ለብርቱው ይሰጣል። ዛሬ ብዙ ዘመናዊ ስልኮች የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ነው።

አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስመጥቃ፥ ከእንጦጦ ትቈጣጠራት ነበር። እንዲህ ያለች ሳተላይት በምድር ጥላ ውስጥ ስታልፍ የምትኖረው በባትሪ ነው፤ ወደ ጣቢያዋ መልእክት የምታወርድበትም ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ያልደረሰ ሥራ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል።

እንግዲህ የሰቆጣ ወጣት ተማሪዎች ሆይ፥ ይህ ትምህርት ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ኃይል በሞላበት አገር ያለ መሐንዲስ ቢያባክን ጉዳቱ የገንዘብ ይሆናል፤ በእናንተ አገር ግን የአንዲት ባትሪ ዕድሜ የአንድ ሕፃን ጤና ሊሆን ይችላል። ጊዜንም ጉልበትንም መመጠን ከአባቶቻችሁ እርሻ ያያችሁት ነውና፥ ሒሳቡን ብቻ ጨምሩበት።