ርካሹ ከሰል የትኛው ነው? ሥጋ ከመጥበስዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

እሑድ ከቀትር በኋላ በናይሮቢው ኬንያታ ማርኬት የሚያልፍ ሰውን ቀድሞ የሚቀበለው የጥብስ ሽታ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች 'ኒያማ ቾማ' ይሉታል፤ የተጠበሰ ሥጋ ማለታቸው ነው። በካርቱም አጋሼ፣ በካምፓላ ሙቾሞ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከሥሩ ፍም ተደርጎበት የሚቀርበው የሸክላ ጥብስ ተመሳሳይ ስፍራ አላቸው።

እነዚህን ገበታዎች ሁሉ የሚያገናኛቸው ከሰል ነው። ለበዓል ወይም ለእንግዳ ሲባል በጓሮ ሥጋ መጥበስ የተለመደ ቢሆንም፣ ብዙ ቤተሰብ ለሥጋው የሚሰጠውን ትኩረት ለከሰሉ አይሰጥም። አብዛኛው ገዢ የሚመርጠው አነስተኛ ዋጋ የተጠራለትን ጆንያ ነው።

ይሁን እንጂ በጆንያ ርካሽ የሆነው ከሰል በማንደጃው ላይ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለምን?

ከሰል ምንድን ነው?

ከሰል እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ በከፍተኛ ሙቀት ሲበስል የሚቀረው ነገር ነው። በመጀመሪያ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ይተናል። ሙቀቱ ከ280 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ ጭስ፣ ጋዝና ቅጥራን እየለቀቀ ይፈራርሳል። በመጨረሻ የሚተርፈው በአብዛኛው ካርቦን ነው።

ደረቅ እንጨት በአንድ ኪሎ ግራም 16 ሜጋ ጁል ገደማ ኃይል ሲሰጥ፣ ጥሩ ከሰል 30 ሜጋ ጁል አካባቢ ይሰጣል። ለመጓጓዝ መቅለሉና ጭሱ ማነሱም በከተማ ተመራጭ አድርጎታል።

ይህ ጥቅም ግን ዋጋ አለው። በአካባቢያችን በስፋት በሚሠራበት፣ እንጨቱን በሣርና በአፈር ሸፍኖ በማክሰል ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ሊያስፈልግ ይችላል። አክሳዩ ከቸኮለ ወይም አፈሩ ተሰነጣጥቆ አየር ካስገባ፣ ገሚሱ አመድ ይሆናል፤ ገሚሱ ደግሞ ሳይበስል ይቀራል። ገዢው በጆንያው ውስጥ የሚያገኘው የጥራት ልዩነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጆንያው ርካሽ፣ ኪሎው ውድ

በምሥራቅ አፍሪካ ከሰል በአብዛኛው የሚሸጠው በሚዛን ሳይሆን በመስፈሪያ ነው። በኬንያ ጎሮጎሮ የሚባለው ቆርቆሮና ደቤ የሚባለው ባለ 20 ሊትር ጣሳ የታወቁ ናቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ በማዳበሪያ ጆንያ ወይም በትንንሽ ፌስታል ይሸጣል።

በመስፈሪያ ሲገዛ ቀላል ከሰልና ከባድ ከሰል በዓይን እኩል ይመስላሉ። ሙቀት የሚሰጠው ግን ክብደቱ እንጂ የያዘው ቦታ አይደለም።

ለስሌት ያህል ሁለት እኩል የሚመስሉ ጆንያዎችን እንውሰድ። አንደኛው 1 ሺህ 500 ሽልንግ ተጠርቶለት 25 ኪሎ ይመዝናል። ሁለተኛው በ1 ሺህ 800 ሽልንግ ይሸጣል፤ ክብደቱም 36 ኪሎ ነው። የመጀመሪያው ኪሎ 60 ሽልንግ ሲወጣለት የሁለተኛው 50 ሽልንግ ብቻ ነው።

በርካሹ ጆንያ ሥር 5 ኪሎ ድቃቂና ያልበሰለ እንጨት ቢገኝ፣ ለጥብስ የሚውለው 20 ኪሎ ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የአንዱ ኪሎ እውነተኛ ዋጋ 75 ሽልንግ ደረሰ ማለት ነው።

በዓይን፣ በጆሮና በእጅ መፈተሽ

ክብደት ብቻውን ግን ሊያሳስት ይችላል። ዝናብ የመታው ከሰል ይከብዳል፤ ገዢውም ለውሃ ዋጋ ይከፍላል። እንዲህ ያለው ከሰል ሲቀጣጠል ይንጣጣል፤ ፍም እስኪሆንም ረዥም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ጆንያው ከታች የረጠበ መሆን አለመሆኑን መዳሰስ ያስፈልጋል።

ቀጣዩ ፈተና የጆሮ ነው። በደንብ የበሰሉ ሁለት ከሰሎች ሲጋጩ እንደ ሸክላ ወይም እንደ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። የታፈነ ድምፅ ካሰሙ ያልበሰሉ ወይም የረጠቡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሰሉ ሲሰበር ውስጡ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት። ቡናማ መልክ ካየን እንጨቱ ሙሉ በሙሉ አልከሰለም። በእሳት ላይ ሲሆን ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ያወጣል፤ የሥጋውንም ጣዕም ያመረዋል።

ከጆንያው አፍ የሚታዩት ትልልቅ ከሰሎች ስለ ታችኛው ክፍል ዋስትና አይሰጡም። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ጥቂቱን አስገልብጦ ማየት፣ ካልሆነም ጆንያውን ከታች በእጅ መጨበጥ ይጠቅማል። በጨበጡት ጊዜ እንደ አሸዋ የሚፈርስ ከሆነ ድቃቂው በዝቷል።

የትኛው ዛፍ?

ከግራር የተሠራ ከሰል በቀንዱ አገሮች ከፍ ያለ ተፈላጊነት አለው። እንጨቱ ጠጣር በመሆኑ ከሰሉም ከባድ ነው፤ ፍሙ ቶሎ አይከስምም። ሰፊ ቁራጭ ሥጋ ወይም የጎድን አጥንት ለሚጠብስ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ የሚሰጠው ከሰል በአብዛኛው ቀለል ያለ ነው። ቶሎ ይያያዛል፤ ቶሎም ያልቃል። ለስስ ሥጋ፣ ለጉበትና ለአትክልት ግን በቂ ነው።

ግራር ሁሉ ከዱር ይቆረጣል ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ አዊ አካባቢ ገበሬዎች 'ዲከረንስ' የሚሉትን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዝርያ በማሳቸው ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘሩበታል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ቆርጠው ያከስሉታል፤ ማሳውንም መልሰው ያርሱታል።

ሌላው አማራጭ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። ይህ እሾሃም መጤ ዛፍ በአፋርና በኬንያ ባሪንጎ የግጦሽ መሬትን ወርሯል። እአአ በ2006 የባሪንጎ ነዋሪዎች ስለ ዛፉ የኬንያን መንግሥት ሲከሱ፣ የዛፉን ፍሬ በመብላት ጥርሷ የረገፈ ፍየል እስከ ፍርድ ቤት መወሰዷ ይታወሳል።

የዚህ ዛፍ ከሰል ግን ጠንካራና ኃይለኛ ነው። በአሜሪካ በጓሮ ሥጋ የሚጠብሱ ሰዎች ለጣዕሙ ብለው ገንዘብ የሚያወጡበት 'ሜስኪት' የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ቆርጦ ማክሰል ብቻውን ወረራውን አያቆምም፤ ጉቶው ካልተነቀለ እንደገና ያቆጠቁጣል። ያም ሆኖ አገር በቀል ግራርን ከመቁረጥ ይልቅ መጤውን መጠቀም የተሻለ ምርጫ ነው።

ለመጥበስና በጭስ ለማብሰል

ለጥብስ የሚያስፈልገው ነበልባል ሳይሆን ፍም ነው። ከሰሉ ላይ ግራጫማ ነጭ አመድ እስኪታይ ድረስ መታገሥ ይገባል። ፍሙን በማንደጃው አንድ ወገን ማብዛት፣ ሌላውን ወገን ባዶ መተው ደግሞ ሥጋውን በኃይለኛው ሙቀት ካጠበሱ በኋላ ወደ ለዘብተኛው ለማሸሽ ያስችላል።

ስብ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ የሚወጣው ጭስ ለጤና ጎጂ የሆኑ ውህዶችን ይዟል። ስለዚህ ከመጠን ያለፈ ስብ አስቀድሞ ማንሳትና ያረረውን ክፍል አለመብላት ይመከራል። ከሰልን በፌስታል፣ በጎማ ወይም በላምባ ማቀጣጠልም መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ደረቅ ጭራሮና ወረቀት ይበቃሉ።

ሥጋን በጭስ ማብሰል የተለየ ጥበብ ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው ከ100 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ዝቅተኛ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ማቆየት ነው። ለዚህም ክዳን ያለው ምድጃ፣ ለምሳሌ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል፣ እንዲሁም ትልልቅና ከባድ ከሰል ያስፈልጋል። ድቃቂ ከሰል የአየር መተላለፊያውን ስለሚዘጋ ለዚህ አይሆንም።

መዓዛውን የሚሰጠው በፍሙ ላይ ጣል የሚደረገው ደረቅ እንጨት እንጂ ራሱ ከሰሉ አይደለም፤ ከሰል ሲከስል አብዛኛውን መዓዛ ለቋልና። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ ለሚያጥን ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወይራ በጥቂቱ ለሥጋም ይሆናል። ጥድን የመሰሉ ሙጫማ እንጨቶች ግን ሥጋውን ያመሩታል፤ ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ ጣውላ ደግሞ መርዛማ ነው።

ብሪኬት ያዋጣል?

ብሪኬት የከሰል ድቃቂን ከስታርች፣ ከሞላሰስ ወይም ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በመጭመቅ የሚሠራ ነው። በአሜሪካ እአአ በ1920ዎቹ የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ ከእንጨት ፋብሪካው ተረፈ ምርት እያመረተ በሰፊው እንዲታወቅ አድርጎታል። ዛሬ በናይሮቢ፣ በካምፓላና በአዲስ አበባም ይመረታል።

ብሪኬት ለማቀጣጠል ያስቸግራል፤ አመዱም ይበዛል። በአንጻሩ ሙቀቱ የማይዋዥቅና ረዥም ጊዜ የሚቆይ በመሆኑ፣ በጭስ ለሚያበስል ሰው ከተራ ከሰል ሊሻል ይችላል። ሸክላ የበዛበት ብሪኬት ግን ይከብዳል እንጂ ሙቀት አይሰጥም፤ ከተቃጠለ በኋላ ቅርጹን ሳይለቅ የሚቀር ወፍራም አመድ ምልክቱ ነው።

ከሰሉ ከየት መጣ?

የከሰል ዋጋ በገበያ ብቻ ሳይሆን በፖለቲካ ውሳኔም ይወሰናል። የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት እአአ በየካቲት 2012 የሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ አግዷል። ምክንያቱ ለሺሻና ለጥብስ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት ይላክ ከነበረው ከሰል አል-ሻባብ ቀረጥ ይሰበስብ ስለነበር ነው።

ኬንያ በ2018 በመንግሥትና በማኅበረሰብ ደኖች ዛፍ መቁረጥን አግዳ እስከ 2023 ቆይታለች። በዚያው 2023 የኡጋንዳው ፕሬዝዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ በሰሜናዊ የአገሪቱ ክፍል ለንግድ የሚውል ከሰል ማምረትን የሚከለክል ትዕዛዝ አውጥተዋል።

እገዳ አቅርቦትን ሲያጠብ ዋጋው የሚያርፈው በከተማ ነዋሪው ላይ ነው። ቁጠባ የሚመጣውም ከዚሁ ነዋሪ ማንደጃ ነው። በ1980ዎቹ በኬንያ የተስፋፋው፣ ከውስጥ በሸክላ የተለበጠው ጂኮ እንዲሁም በኢትዮጵያ 'ላቀች' የሚባለው አምሳያው፣ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃሉ። ጥብሱ ሲያበቃ ፍሙን በክዳን አፍኖ ማጥፋትም የተረፈውን ከሰል ለሌላ ቀን ያቆያል።

የማይታየው አደጋ

የትኛውም ከሰል፣ ጥራቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ በመያዝ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያስከትላል፤ ከዚያም ሰው ሳይነቃ በእንቅልፉ ሊሞት ይችላል።

ጭስ የማያወጣ ፍም 'ንጹሕ' መስሎ ስለሚታይ አደጋው ይብሳል። ሥጋው ተበልቶ ሲያበቃ፣ በተለይም በብርድና በዝናብ ወቅት፣ ማንደጃውን ለሙቀት ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። በር ገርበብ ማድረግ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የጠፋ የመሰለ ከሰልም በአመዱ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ፍም ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርጎ ከቤት ውጭ ማሳደር፣ ወደ ጆንያው ከመመለስም በፊት በሚገባ መቀዝቀዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።