ባዮታይት ስለሚባለው ማይካ፤ የስሙ ትርጓሜ፣ ጠባዩና ለእርሻ ያለው ጥቅም

ገበሬ ጉድጓድ ሲቈፍር ወይም ከወንዝ ዳር አሸዋ ሲያወጣ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ቢያገኝ፣ ወደ ሹሙ ይዞት መምጣቱ አይቀርም። ሹሙም የነገሩን ጠባይ ያላወቀ እንደ ሆነ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛው፣ ወርቅ ተገኘ በሚል ወሬ የሰው ማሳ ይቈፈራል፤ ሰብልም ይበላሻል። ሁለተኛው፣ ወርቅ አለመሆኑ በታወቀ ጊዜ ነገሩ እንደ ከንቱ ይቈጠራል፤ ለሰብል የሚበጀው ሀብቱም ሳይታሰብ ይቀራል። ስለዚህ የዚህን ማዕድን ስምና ጠባይ ለአስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለመሬት ባለይዞታዎች መግለጽ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ ስሙ

ማይካ የሚለው ቃል ከላቲን ልሳን የመጣ ነው፤ ፍችውም ፍርፋሪ ማለት ነው። በዚያው ልሳን ማብለጭለጭ የሚል ትርጓሜ ያለው ተመሳሳይ ግስ ስላለ፣ የሁለቱ ትርጓሜ ተደራርቦ ስሙ ለዚህ አብለጭላጭ ድንጋይ ጸንቷል። ማይካ የአንድ ማዕድን ስም ሳይሆን የወገን ስም ነው። ከወገኑም በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ ይኸውም ነጩና ጥቁሩ ነው። ነጩ ሙስኮቫይት ይባላል። ቀድሞ በሞስኮብ አገር ሰፋፊ ቅጠሉን በመስኮት ላይ እንደ መስተዋት ያደርጉት ስለ ነበር «የሞስኮብ መስተዋት» ይባል ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ።

ጥቁሩ ባዮታይት ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሐውስማን የተባለው የጀርመን የማዕድን ሊቅ ነው። እርሱም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ለፈረንሳዊው ሊቅ ለዣን ባፕቲስት ቢዮ መታሰቢያ አደረገው፤ ቢዮ ብርሃን በማይካ ቅጠል ውስጥ ሲያልፍ የሚሆነውን መርምሮ ነበርና። በ1998 ደግሞ ዓለም አቀፉ የማዕድን ሊቃውንት ማኅበር ባዮታይት የአንድ ማዕድን ስም መሆኑ ቀርቶ የጥቁር ማይካዎች የወል ስም እንዲሆን ወሰነ። ከእነዚህም በአንደኛው ጫፍ ያለው ማግኒዝየም የሚበዛበት ፍሎጎፓይት ነው፤ ትርጓሜውም በግሪክ እሳት መሳይ ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ብረት የሚበዛበት አናይት ነው፤ ስሙም በአሜሪካ ካለው ኬፕ አን ከተባለው ስፍራ ወጣ። እንግዲህ «ባዮታይት ተገኘ» የሚል ጽሑፍ የደረሰው ሹም፣ የብረቱና የማግኒዝየሙ መጠን ገና እንዳልተነገረው ማስተዋል ይገባዋል።

ስለ ጠባዩ

ማይካ እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ሆኖ የተደራረበ ነው። ቅጠሎቹን እርስ በርሳቸው ይዞ የሚያቆያቸው በመካከላቸው ያለው ፖታሲየም ነው። ሌላው አካሉ ሲሊካ፣ አሉሚኒየም፣ ብረትና ማግኒዝየም ነው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ከ2.5 እስከ 3 ስለሚደርስ ለስላሳ ነው፤ ክብደቱም ከውኃ 3 እጥፍ ያህል ነው።

ባዮታይት በዝናብና በፀሐይ ሲያረጅ ጥቁርነቱ ወደ ነሐስና ወደ ወርቅ መልክ ይለወጣል። ጀርመኖች «የድመት ወርቅ» የሚሉት ስለዚህ ነው። ለመለየት ግን አያስቸግርም። በመርፌ ጫፍ ሲነካ ማይካ ቅጠል በቅጠል ይላቀቃል፤ ወርቅ ግን ይሰረጎዳል እንጂ አይላቀቅም። አሸዋው በገበቴ በውኃ ሲታጠብ ማይካው ከውኃው ጋር ይወጣል፤ ወርቅ ግን ክብደቱ ከውኃ 19 እጥፍ ስለሚበልጥ ከታች ይቀራል።

በቡራዩና በሌላው አገር

ትልልቅ የማይካ ቅጠል የሚገኘው በጥንታዊው የአገራችን አለት ውስጥ ነው። ይህም አለት በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል፣ በትግራይ፣ በጉጂና በቦረና ይታያል። በጉጂ በቀንጢቻ ሙስኮቫይት ታንታለም ከሚባለው ማዕድን ጋር አብሮ ይገኛል። ወርቅ የሚወጣበት የአዶላ ምድርም የዚሁ የጥንታዊ አለት ወገን ስለሆነ፣ በዚያ አገር ሁለቱን ማሳሳት ቀላል ነው።

የቡራዩ ምድር ግን ከዚህ ይለያል። በወጨጫና በእንጦጦ መካከል ያለው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ የሚያብለጨልጨው ብዙውን ጊዜ ፌልድስፓር ነው። እርሱም ቢሰበር ጠንካራ ስብርባሪ ይሆናል እንጂ እንደ ማይካ በጥፍር አይላጥም። ስለዚህ በቡራዩ የድንጋይ ካባ ወይም በገፈርሳ ወንዝ ዳር የሚያብለጨልጭ ነገር ቢታይ፣ ሹሙ አስቀድሞ በጥፍርና በመርፌ ይፈትነው፤ ከዚያ በፊት ማሳ እንዲቈፈር አይፍቀድ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትንና የተፈጥሮን ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ስላደረገ፣ እውነተኛ ማዕድን ቢገኝ እንኳ ያለ ፈቃድ አይወጣም።

ለሰብል ያለው ጥቅም

ባዮታይት በዐፈር ውስጥ ሲፈርስ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ይለቀቅና በሥር ይመጠጣል። ከ100 እጅ 8 እስከ 10 እጁ የፖታሲየም ኦክሳይድ ስለሆነ መጠኑ ቀላል አይደለም። ሙስኮቫይትም ከዚህ የማያንስ አለው፤ ነገር ግን ለመፍረስ እጅግ ይዘገያል። በቡራዩ ዙሪያ ያለውን መሬት ግን ፖታሲየም የሚቀልበው በይበልጥ የእሳተ ገሞራው ፌልድስፓር ነው።

በ1968 በኤውሮፓ አቆጣጠር ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የወጣው የመርፊ ጥናት የኢትዮጵያ ዐፈር በፖታሲየም የበለጸገ መሆኑን ገለጠ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ለገበሬ የሚታደለው ማዳበሪያ በይበልጥ ዳፕና ዩሪያ ሆነ። በ2012 የተጀመረው የአገር አቀፍ የዐፈር ምርመራ ግን በአንዳንድ ስፍራ ፖታሲየም ማነሱን አሳየ። ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። እህል ከመሬት ከሚወስደው ፖታሲየም ብዙው የሚቀረው በገለባው ነው። ገለባው ግን ለከብት ይሰጣል፤ የጤፉም ለግድግዳ ጭቃ ይሆናል። እበቱም ኩበት ሆኖ ይነዳል። አለቱ በብዙ ዘመን ያዋጣውን መከሩ በጥቂት ዓመት ያወጣዋል፤ ወደ ማሳውም የሚመለስ የለም።

ፖታሽ የሚለው ስም እንኳ በኤውሮፓ ልሳን «የድስት አመድ» ማለት ነው፤ ቀድሞ ከእንጨት አመድ ታጥቦ የወጣውን ውኃ በድስት አፍልተው ያደርቁት ነበርና። በየቤቱ የሚደፋው አመድ ይህንኑ ሀብት የያዘ ነው።

ስለዚህ ሹማምንትና ባለይዞታዎች ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይገባል። አንደኛ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲቀርብላቸው አስቀድመው እንደ ተባለው ይፈትኑ፤ ወሬም አይከተሉ። ሁለተኛ፣ የዐፈሩ መልክ አያታላቸው፤ ከማሳው ልዩ ልዩ ስፍራ እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ዐፈር አስወስደው፣ ቀላቅለው ወደ ምርመራ ቤት ይላኩ። ሦስተኛ፣ አመድ፣ ፍግና የተረፈው ገለባ ወደ ማሳው እንዲመለስ ገበሬውን ይምከሩ። ማይካ ፍርፋሪ ተብሎ የተሰየመ ቢሆንም፣ ወርቅ ሳይሆን ለእህል የሚተርፍ ስንቅ ነው፤ ስንቅም ካልተተካ ያልቃል።