ዋሽንግተን በቤተሰብ፦ ነጻ የሆነውና ነጻ የሚመስለው

«እህቴ እዚያ አለች፤ እኛ የሚያስፈልገን ትኬት ብቻ ነው።» ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ጉዞ ወሬ በተነሳ ቁጥር ከብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ የሚሰማ አባባል ነው። እውነት አለው። ከሩቅ ከተሞች መካከል እንደ ዋሽንግተን ለእኛ ቤተኛ የሆነ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች ከአገር ውጭ ካሉት ትላልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል። እንጀራው አለ፤ ቡናው ይፈላል፤ አማርኛውም ከታክሲ ሾፌር እስከ ሱቅ ሻጭ ድረስ ይሰማል። በዚያ ላይ ታላላቅ ሙዚየሞቿ በነጻ ይጎበኛሉ።

ይሁን እንጂ «ነጻ» በሚለው ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። አንዱ በእርግጥ ነጻ የሆነው ነው። ሌላው ነጻ የሚመስል፣ ነገር ግን ሌላ ሰው በዝምታ የሚከፍልልን ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያቅድ ቤተሰብ ገንዘቡንም ዘመዱንም ይዞ ይመለሳል። ሳይለይ የሚሄድ ግን ገንዘቡን ቢቆጥብም ዘመዱን ሊያጣ ይችላል።

በጀቱን በሦስት ኪስ ይክፈሉት

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በመሥሪያ ቤት ለአንድ ዝግጅት በጀት ስናወጣ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብለን አይደለም። «የትኛው ገንዘብ ከወጣ በኋላ አይመለስም?» ብለን ነው። ለቤተሰብ ጉዞም ይኸው ይሠራል።

የመጀመሪያው ኪስ ሊጠፋ የሚችል ገንዘብ ነው፤ የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ቋሚ ወጪ ነው፤ ትኬት፣ የጉዞ መድን ዋስትናና ማደሪያን ይይዛል። ሦስተኛው የዕለት ወጪ ነው፤ ምግብ፣ ትራንስፖርትና የልጆች ፍላጎት። ብዙ ቤተሰብ ሁለተኛውን ብቻ አስልቶ ይነሳና በሦስተኛው ይያዛል።

ስሌቱን በዶላር ይሥሩ፤ ቁጠባውን በብር ያድርጉ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባለፈው ዓመት በብር የተሠራ በጀት ዘንድሮ አያገለግልም። በየወሩ መጨረሻ የዶላሩን ድምር በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አባዝተው ማየት ልማድ ይሁን። ለመንገደኛ ምን ያህል የውጭ ምንዛሪ እንደሚሸጥና ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ ከባንክዎ አስቀድመው ይረዱ። እቁብ የሚጥሉ ከሆነም ዕጣዎ የሚደርስበትን ጊዜ ትኬት ከሚቆርጡበት ወር ጋር ለማቀራረብ ይሞክሩ።

ቪዛ ይቅደም፣ ትኬት ይከተል

የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ሰው 185 ዶላር ነው። ሕፃኑም እንደ አዋቂው ይከፈልለታል። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ያሉት ቤተሰብ 740 ዶላር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ ይህን ገንዘብ ከትኬቱ ቁጠባ ጋር አይቀላቅሉት። ቢጠፋ ቤት የማይናጋበት ገንዘብ መሆን አለበት።

በአሜሪካ ሕግ መሠረት የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ተቃራኒውን እስኪያሳይ ድረስ እዚያው ሊቀር እንዳሰበ ተደርጎ ይታያል። የዘመድ የግብዣ ደብዳቤ ብቻውን ይህን አይለውጠውም። ክብደት ያለው እዚህ ያለዎት ሕይወት ነው፤ ሥራዎ፣ ንብረትዎ፣ የልጆችዎ ትምህርት። ቪዛው ሳይያዝ የማይመለስ ትኬት መግዛትም ፈጽሞ አይመከርም።

ሌላም ነጥብ አለ። ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግልና የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ሆኗል። በጥቅምት ቪዛ አግኝቶ ለሐምሌ ማቆየት አይቻልም ማለት ነው። የቃለ መጠይቁን ቀጠሮ ከጉዞው ወር ወደ ኋላ ቆጥሮ ማስያዝ ያስፈልጋል። ክፍያውም ደንቡም ስለሚለዋወጥ ከማመልከትዎ በፊት የኤምባሲውን ድረ ገጽ ይመልከቱ።

መቼ እንሂድ?

አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይለያያቸዋል። ከአራት ሰው ጉዞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ትኬቱ ነውና ትልቁ ቁጠባም የሚገኘው ከቀኑ ምርጫ ላይ ነው። ትኬት የሚወደደው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ እንዲሁም በፈረንጆች ገና ሰሞን ነው። የሚረክሰው ደግሞ በአብዛኛው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት፣ እንዲሁም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው።

ችግሩ ለትምህርት ቤት ልጆች የሚመቸው ክረምቱ መሆኑ ነው። በክረምት መሄድ ግድ ከሆነ አንድ መጽናኛ አለ። በነሐሴ የአሜሪካ ምክር ቤት ለዕረፍት ስለሚበተን የሆቴል ዋጋ ቀነስ ይላል። ሙቀቱና ወበቁ ግን ከባድ ነው። ልጆቹ ገና ትምህርት ያልጀመሩ ከሆኑ መስከረምና ጥቅምትን የሚያህል ጊዜ የለም። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ (በፈረንጆች) የሚያብበው የቼሪ ዛፍ ዓይን ይማርካል። ዛፎቹ በ1912 ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ የመጡ ናቸው። በዚያ ሰሞን ግን ሆቴሉም መንገዱም ይጨናነቃል።

የልጆችን ዕድሜም በጥንቃቄ ያስሉ። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን እቅፍ ላይ ሆኖ ሲጓዝ የሚከፈልለት ብዙውን ጊዜ የአዋቂው ዋጋ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ዕድሜው የሚቆጠረው ግን በበረራው ቀን ነው። ሁለተኛ ልደቱ በጉዞው መካከል ከዋለ ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። ጉዞውን በሁለት ሳምንት ማስቀደም ብዙ ገንዘብ ሊያድን ይችላል።

በእርግጥ ነጻ የሆነው

አሁን ወደ ደስታው እንምጣ። የስሚዝሶንያን ተቋም በዋሽንግተንና በዙሪያዋ 17 ሙዚየሞችና የሥዕል ማሳያዎች እንዲሁም የእንስሳት ማቆያ አለው። ሁሉም በነጻ ይጎበኛሉ። ከፈረንጆች ገና ቀን (ታኅሣሥ 25) በስተቀር አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው።

በአየርና ጠፈር ሙዚየም ልጆችዎ የራይት ወንድማማቾች በ1903 ያበረሩትን አውሮፕላንና በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ ወስዳ የመለሰችውን የአፖሎ 11 መንኮራኩር በዓይናቸው ያያሉ። በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሰው ዘር አመጣጥ ክፍል ውስጥ ደግሞ ድንቅነሽን (ሉሲን) ያገኟታል። የምትታየው ተመስላ የተሠራችው ናት፤ እውነተኛዋ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በብሔራዊ ሙዚየማችን ትገኛለች። ከጉዞው በፊት ልጆቹን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ይውሰዷቸው። ያኔ በዋሽንግተን እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ሆነው ይቆማሉ። በ2016 የተከፈተውን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየምም አይለፉት። እዚህና በአየርና ጠፈር ሙዚየም መግቢያው ነጻ ቢሆንም የመግቢያ ሰዓት በኢንተርኔት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የእንስሳት ማቆያውም የነጻ መግቢያ ትኬት አስቀድሞ መያዝን ይጠይቃል። በጥቅምት 2024 ከቻይና የመጡ ሁለት ፓንዳዎች አሉበት።

የስሚዝሶንያን አካል ያልሆነው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየምም ነጻ ነው። የሊንከን መታሰቢያና ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ታላቁን ንግግር ያደረጉበት ደረጃ፣ እንዲሁም የራሳቸው የኪንግ መታሰቢያ ቀንም ማታም ክፍት ናቸው። ማታ ላይ ብርሃኑ ሲበራ ማየት ደስ ይላል፤ የበጋውንም ሙቀት ያስመልጣል።

ከደለስ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ ለመግባትም ታክሲ ግድ አይደለም። ከኅዳር 2022 ጀምሮ የሜትሮ ባቡር እስከ አየር ማረፊያው ይደርሳል። የአንድ ሰው ዋጋ በሥራ ቀን ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከ2.50 አይበልጥም። አንድ ከፋይ አዋቂ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆችን በነጻ ይዞ መሳፈር ይችላል። ወላጆች፣ የአሥር ዓመት ልጅና የአራት ዓመት ልጅ ያሉበት ቤተሰብ ቢበዛ 20.25 ዶላር ከፍሎ ከተማ ይገባል።

በዋጋው ላይ የማይጻፈው

አሜሪካ ውስጥ በሱቅ መደርደሪያና በምግብ ዝርዝር ላይ የሚያዩት ዋጋ ታክስን አይጨምርም። በዋሽንግተን ምግብ ቤት ውስጥ 10 በመቶ ታክስ ይጨመራል፤ በዚያ ላይ ለአስተናጋጅ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው። 60 ዶላር የሚል የአራት ሰው ምሳ ወደ 78 ዶላር ይጠጋል። በሆቴል ሂሳብ ላይም ወደ 16 በመቶ የሚጠጋ ታክስ ይጨመራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሱፐርማርኬት ዳቦ፣ ፍራፍሬና ውኃ ገዝቶ ሙዚየሞቹ መካከል ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ምሳ መብላት ነው።

የጉዞ መድን ዋስትናን ግን ለመቆጠብ ብለው አይተዉት። እዚያ አንድ ሌሊት የድንገተኛ ክፍል ሕክምና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ሂሳቡ በእርስዎ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ያስተናገደዎት ዘመድም ይጨነቃል።

ነጻ የሚመስለው፦ የዘመድ ቤት

የጽሑፌ ዋና ነጥብ ይህ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቀጣሪዎች ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት እንዲሰጡ አያስገድድም። በሰዓት የሚከፈላት እህትዎ እርስዎን ለማስጎብኘት ከሥራ የቀረችበት እያንዳንዱ ቀን ከደመወዟ ሊቀነስ ይችላል። ታክሲ የሚነዳ ወንድም ቤተሰብዎን ሲያዞር በዋለበት ቀን ገቢ የለውም። እነርሱ ይህን አይነግሩዎትም። ይሉኝታ ይይዛቸዋል፤ ደግሞም ናፍቀውዎታል። ሲመለሱ ሻንጣዎን ሞልተው ይሸኙዎታል፤ ከዚያ የክሬዲት ካርዱን ዕዳ ለወራት ይከፍላሉ። በኋላ ስልካቸው ለምን እንደራቀ እኛ አይገባንም።

«እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት» እንደሚባለው፣ ወርቅ ሆኖ ለመሄድም ለመመለስም ዕቅድ ያስፈልጋል። የሚከተሉትን ሐሳቦች ከመሄድዎ በፊት ቢነጋገሩባቸው ጥሩ ነው።

ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት «ዕረፍት የምታገኙት መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «መጥተናል፣ ተቀበሉን» ከማለት «ቅዳሜና እሑድ አብረን እንሁን፤ ሌላውን ቀን እኛ በባቡር እንዞራለን» ማለት ይሻላል።

የቆይታውን ከፊል በራስዎ ማደሪያ ያድርጉት። ለአሥር ቀን ከሄዱ አራቱን ሌሊት ከመሀል ከተማ ወጣ ባለ፣ ባቡር በሚደርስበት ሰፈር ሆቴል ይያዙ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሜትሮ አላቸው፤ የሐበሻ ምግብ ቤትም አያጡም።

ለአስተናጋጁ ቤት የአስቤዛ ገንዘብ በበጀትዎ ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው። ገንዘብ በእጅ ቢሰጡ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። በሁለተኛው ቀን አብረው ሱፐርማርኬት ገብተው ጋሪውን ሞልተው ሂሳቡን እርስዎ ይክፈሉ፤ መኪና ከተጠቀማችሁም ነዳጁን ይሙሉ።

ስጦታም ይዘው ይሂዱ፤ ግን ደንቡን ይወቁ። ቋንጣም ሆነ ሌላ የሥጋ ውጤት አይገባም። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ሲይዙ በጉምሩክ መጠየቂያው ላይ ምግብ መያዝዎን ይናገሩ። ተናግሮ መወረስ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ሳይናገሩ መያዝ ግን መቀጮ አለው።

በመጨረሻም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቀለል አድርገው ያቅዱ። ዋሽንግተን ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ልጆቹ በውድቅት ሌሊት ነቅተው ቁርስ ይጠይቃሉ፤ ጎረቤት ክፍል ያለው ዘመድዎ ደግሞ በነጋታው ሥራ ገቢ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በሆቴል፣ የኋለኞቹን በዘመድ ቤት ማድረግ ሁሉንም ያሳርፋል።

ይህ ሁሉ ሲደመር የዘመድ ቤትን ሙሉ በሙሉ ነጻ አድርጎ ከተሠራ በጀት ይበልጣል። ምናልባት ጉዞውን በአንድ ዓመት ያዘገየው ይሆናል። ይዘግይ። ሙዚየሞቹ የትም አይሄዱም፤ ዘመድዎም በሚቀጥለው ዓመት ከልቡ «መቼ ነው የምትመጡት?» ብሎ ይደውላል።